ጊምባል ሲንቀጠቀጥ ቀድማችሁ ቦርዱን አትጠርጥሩ

ልጁ ድሮኑን በነጠላ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። ሰርግ በቪዲዮ የሚቀርጽ ነው። ገና ሳይቀመጥ «ጋሼ፣ ቦርዱ ሄዷል፤ ስንት ያስቀይራል?» አለኝ።

«መሄዱን ማን ነገረህ?»

«ኢንተርኔት ላይ አየሁት። ካሜራው እንዲህ እንዲህ ይላል» ብሎ እጁን እንደ ወባ በሽተኛ አንቀጠቀጠልኝ።

ደብረ ማርቆስ ላይ ሞባይልና ካሜራ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ጊምባል የምለው ካሜራውን ሳይናጥ የሚይዘውን ክፍል ነው፤ ቦርድ ደግሞ እሱን የሚያዘውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። «ቦርዱ ሄዷል» ተብሎ ከመጣልኝ ጊምባል ውስጥ ቦርዱ እውነትም የሄደው ጥቂቱ ነው። ሌላው ወይ ኬብል ነው፣ ወይ ካሜራውን የተሸከመው ክንድ መታጠፉ፣ ወይ ቆሻሻ። ቦርድ መቀየር ደግሞ አምፖል እንደ መቀየር አይደለም። ለምን እንዳልሆነ ነው ዛሬ የማወራችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ድሮን የሚለው ቃል ዛሬ እኛ አካባቢ ምን እንደሚያስታውስ አላጣሁትም። ድምፅ ሲሰማ ሰው ቀና ብሎ ሰማይ የሚያይበት ጊዜ ነው። ይኼኛው በሁለት መዳፍ የሚያዝ፣ ሙሽራና ሚዜ የሚቀርጽ ዕቃ ነው። እሱም ቢሆን ያለ ፈቃድ አይገባም፣ አይበርም። የማወራው ጠረጴዛ ላይ ስለሚጠገነው ካሜራ ነው። በእጅ የሚያዘው ጊምባልም ውስጡ ያው ስለሆነ ድሮን የሌላችሁም አንብቡት።

ዳስ ውስጥ ጠላ የምታድል ልጅ አስቡ። ዋንጫው እስከ አፉ ሞልቷል። እሷ የሰው እግር ትሻገራለች፣ ከድንኳኑ ገመድ ሥር ዝቅ ብላ ታልፋለች፣ ከኋላ ሕፃን ይገፋታል። ሰውነቷ ይናጣል፤ ጠላው ግን አይፈስም። ሥራውን የሚሠራው አንጓዋ ነው። ሰውነቷ ወዲህ ሲያዘነብል አንጓዋ ወዲያ ይመልሰዋል። አስባበት አይደለም፤ እጇ ቀድሞ ያውቃል።

ጊምባል ያ አንጓ ነው። ሦስት ትንንሽ ሞተሮች አሉት። አንዱ ካሜራውን «እሺ» እንደሚል ራስ ቀናና ደፋ ያደርገዋል። ሁለተኛው «እምቢ» እንደሚል ራስ ግራና ቀኝ ያዞረዋል። ሦስተኛው ጆሮውን ወደ ትከሻው ያስጠጋዋል። ካሜራው ጋ ደግሞ ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ቺፕ አለች። ጋይሮስኮፕና አክስለሮሜትር ውስጧ ናቸው። ካሜራው ምን ያህል እንደዞረና ወዴት እንዳዘነበለ በሰከንድ ብዙ መቶ ጊዜ ትለካለች። ቦርዱ ልኬቱን ይቀበልና ለሞተሮቹ «ይህን ያህል መልሱ» ይላቸዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የድሮ መርከበኞች ኮምፓሳቸውን አንዱ በሌላው ውስጥ በተንጠለጠሉ ቀለበቶች ላይ ያኖሩት ነበር። መርከቡ ወዲያ ወዲህ ቢል ኮምፓሱ ልኩን ይዞ ይተኛል። ያኛው በራሱ ክብደት ነበር የሚሠራው። የእኛው ሞተርና ቦርድ ተጨመረለት፤ ከእነሱም ጋር ጣጣው።

ሞተሮቹ እንደ ቬንትሌተር አይሽከረከሩም። ሥራቸው ይዞ መቆም ነው። ጠላ አዳይዋ ክንዷን እንደምትወጥረው፣ እነሱም ሁሌ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየወሰዱ ውጥር ብለው ነው የሚውሉት። ብዙ ብልሽት የሚመጣው ከዚህ ነው። የሆነ ነገር ካሜራውን ቢይዘው ሞተሩ አይለቅም። ይታገላል፣ ኤሌክትሪክ ይጨምራል፣ ይግላል። ስክሪኑ ላይ የጊምባል ሞተር ከአቅሙ በላይ ሆኖበታል የሚል ማስጠንቀቂያ ሲወጣ ትርጉሙ ይኸው ነው። አንዳንዴ ምክንያቱ የፕላስቲኩን ቆብ ሳያወልቁ ማብራት ብቻ ነው። ቆቧ የመንገድ ናት። ዕቃው ሲጓዝ ካሜራው እንዳይወዛወዝ ትይዘዋለች። ከማብራት በፊት ትወልቃለች፣ ካጠፉ በኋላ ትመለሳለች። ደንበኞቼ ሁሉ ይህን ያውቃሉ። ደንበኞቼ ሁሉ ይረሱታል።

ወደ ልጁ ድሮን እንመለስ። ባትሪውን አወጣሁ። ፕሮፔለሮቹን ፈታሁ። ጠረጴዛ ላይ ድሮን የምትፈትሹ ከሆነ ፕሮፔለር አይኑርበት፤ ጣት ይበላል።

ሳይበራ ካሜራውን በጣት ማንቀሳቀስ ብቻውን የነገሩን ግማሽ ይነግራችኋል። በሦስቱም አቅጣጫ ቅቤ እንደተቀባ ነገር ልስልስ ብሎ መሄድ አለበት። የሆነ ቦታ ላይ ከነከሰ ወይ ክንዱ ታጥፏል፣ ወይ ሞተሩ ውስጥ የገባ ነገር አለ። ሞተሩ ማግኔት ስላለው ብረትነት ያለው አሸዋ ይስባል። አንድ ጊዜ ደግሞ አውድማ ላይ ያረፈ ድሮን መጣልኝ። የጤፍ እብቅ በሞተሩ ክፍተት ገብቶ ተሰንቅሯል። በወረንጦና በለስላሳ ብሩሽ ለቀምኩት። ሌላ ምንም ሳልነካ ሠራ። ባለቤቱ «ይኼ ብቻ?» ብሎ ቅር አለው።

የልጁ ግን ይነክሳል። ከባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጋር ተላትሞ ነበር። «ትንሽ ነው የነካው» አለኝ። ሁሉም ትንሽ ነው የሚነካው። ክንዱን ፈታሁና ጠፍጣፋ ጎኑን መስታወት ላይ አስተኛሁት። ከሥሩ የፀጉር ያህል ብርሃን ገባ። ለዓይን የማይሞላ ነገር ነው፤ ለሞተሩ ግን ቀኑን ሙሉ ዳገት እንደ መግፋት ነው። በፒንሳ ማቃናት ይቻላል። እኔ አልወደውም። ቀጭን አሉሚኒየም አንዴ ከታጠፈ ቢቃናም ቦታዋ ደክማለች። ክንድ ከቦርድ ጋር ሲተያይ ርካሽ ስለሆነ ይቀየር።

ቀጥሎ ማብራት። ጤነኛ ጊምባል ሲበራ አጭር እስክስታ ይወርዳል። ግራ ቀኝ ይላል፣ ቀና ደፋ ይላል፣ ከዚያ መሐል ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይቺን እስክስታ ደጋግማችሁ ካያችሁ በሽታውን ከርቀት ትለያላችሁ። አንገቱ እንደተቆረጠ ዶሮ ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ ኤሌክትሪክ አልደረሰውም፤ ኬብልና ሶኬት ነው የሚታየው። እስክስታውን ጨርሶ ምስል ከሌለ ምስሉን የሚያመላልሰው መስመር ነው። ሁሉም ደህና ሆኖ አድማሱ ከተንጋደደ፣ ድሮኑን ልክ የሆነ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ድሮኑን የምታበሩበት የስልክ አፕ ላይ ያለውን ካሊብሬሽን (ልክ ማስያዣ) ማስኬድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ምስሉ እንደ እርጎ የሚርገፈገፍ ከሆነ ደግሞ ጊምባሉን ከድሮኑ ጋር የሚያያይዙትን የጎማ ኳሶች እዩ። ካሜራ ምስሉን በአንዴ አያነሳም፤ ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ያነበዋል። ጎማው ተቀዶ ንዝረት ካለፈ፣ የታችኛው መስመር እስኪነበብ ካሜራው ቦታ ቀይሯል። ለዚህ ነው ቀጥ ያለ የመብራት ምሰሶ እንደ እባብ የሚታየው።

የልጁ ድሮን ሲበራ እስክስታውን ጀመረ፣ መሐል ላይ ደነገጠ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተኛ። ጀምሮ የሚያቋርጥ ሲሆን ወደ ፍላቷ ነው የምሄደው።

ፍላት ማለት እንደ ሪባን ስስ የሆነች ኬብል ናት። በፕላስቲክ ውስጥ ከፀጉር የቀጠኑ የመዳብ መስመሮች ጎን ለጎን ተኝተዋል። በአንዱ ኤሌክትሪክ፣ በሌላው ትእዛዝ፣ በሌላው ምስል ይሄዳል። ችግሯ መንገዷ ነው። በሞተሩ ክፍት እምብርት ታልፋለች፣ ክንዱን ትጠመጠማለች፣ ትታጠፋለች፣ እንደገና ትጠመጠማለች። ካሜራው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እሷም አብራ ትንቀሳቀሳለች። ድሮን ሲወድቅ ቀድማ የምትቀደደውም እሷ ናት።

በማጉያ መነጽር አየኋት። እጥፋቷ ላይ አይጥ የሞከረቻት የምትመስል ስንጥቅ አለች። በጣቴ ጫን ሳደርጋት ካሜራው ይነቃል፣ ስለቃት ይተኛል። ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። «እና ቦርዱስ?» አለ። ከቦርዱ መላቀቅ አልቻለም።

አዲሷ ፍላት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣች፤ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ዓባይን ተሻግራ። ተዘርግታ ነው የምትመጣው። እጥፋቷን የሚያበጅላት ጠጋኙ ነው። ስለዚህ አሮጌዋን ወዲያው አትጣሏት። ከማውጣታችሁ በፊት በስልካችሁ ከሦስት አቅጣጫ አንሷት። ከዚያ አጠገቧ አድርጋችሁ አዲሷን በእሷ ልክ እጠፉ። በጥፍር አትጫኗት፤ እንጀራ እንደሚጠቀለል ልል አድርጋችሁ ነው። ባልተለመደ በኩል የታጠፈች ፍላት ለጊዜው ትሠራለች፣ ቆይታ ትቀደዳለች፣ ደንበኛውም ይመለሳል። ሶኬቷ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ቀና የሚል ትንሽ ቁልፍ አለው፤ ቀና ሳይደረግ ከተጎተተ ይሰበራል። ሌላው ከላይ ተጭኖ ቀጭ የሚል ነው። ቀጭ ካላለ አልገባም።

ስለ ብሎን አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ አይደሉም። አንዱ ከሌላው በግማሽ ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ካስገባችሁት ቦርዱን ከሥር ይወጋዋል። ወረቀት ላይ ጊምባሉን ሣሉና እያንዳንዱን ብሎን በሥዕሉ ቦታ ላይ አስቀምጡ። አንዳንዶቹ በማጣበቂያ የተያዙ ናቸው። እምቢ ካሉ የመበየጃውን ጫፍ አስነክታችሁ ሞቅ አድርጓቸው እንጂ በካቻቢቴ አትታገሉ፤ አናታቸው ይፋቃል።

አሁን ወደ ቦርዱ። እውነትም የሞተ ቦርድ አለ። ውሃ የገባበት አለ። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ሥር ተጠግቶ የቀረጸ ካሜራ ሲፈታ ሶኬቱ ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት ታዩበታላችሁ። ሞተር የሚነዳው ቺፕ የተቃጠለበትም አለ። የሞባይል ጠጋኞች ዘዴ እዚህም ይሠራል። ቦርዱ ላይ አልኮል ቀባ ታደርጋላችሁ፣ ዝቅተኛ ኤሌክትሪክ ትሰጡታላችሁ። አልኮሉ ቀድሞ የደረቀበት ቦታ የጋለው ነው፤ ሾርቱ እዚያ አካባቢ አለ።

ግን አዲስ ቦርድ ከመግጠማችሁ በፊት ሞተሮቹን ለኩ። እያንዳንዱ ሞተር ሦስት መስመር አለው። በቴስተር ሁለት ሁለቱን እያደረጋችሁ ለኩ፤ ሦስቱም ልኬት እኩል መሆን አለበት። አንዱ ከተለየ ጥቅልሉ ተጎድቷል። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ አዲስ ቦርድ መግጠም አዲሱንም ለእሳት መስጠት ነው።

እሺ፣ ሞተሩ ደህና፣ ፍላቷ ደህና፣ ቦርዱ ሞቷል። በቁጥሩም በስሙም የሚመሳሰል ቦርድ ገዛችሁ፣ ገጠማችሁ፣ አበራችሁ። ካሜራው አበደ። ወደ አንድ ጎን ይጋጫል፣ ይንጫጫል፣ ይጠፋል። እኔን የደረሰብኝ ይኸው ነው። ሻጩን ደውዬ «የተበላሸ ነው የላክልኝ» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ሌላ ላከ። እሱም እንደዚያው። ሦስተኛውን ከማዘዜ በፊት ቁጭ ብዬ አነበብኩ። ሁለቱም ቦርዶች ደህና ነበሩ። ያልገባኝ እኔ ነኝ። ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ አሁንም ዋጋ ሲጨምርብኝ አልከራከረውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደጀን ላይ ከአንድ የጭነት አይሱዙ ሹፌሩን አውርዳችሁ ሌላ ሹፌር አስቀምጡና የዓባይን ቁልቁለት ውረድ በሉት። አዲሱም መንጃ ፈቃድ አለው። ግን የዚያ መኪና ፍሪሲዮን የት ላይ እንደሚይዝ፣ ፍሬኑ ስንቴ መረገጥ እንደሚወድ፣ መሪው በየትኛው በኩል እንደሚላላ አያውቅም። አሮጌው ሹፌር ይህን የትም አልጻፈውም፤ እግሩና እጁ ውስጥ ነው። አሮጌው ቦርድ ያ ሹፌር ነው። ልዩነቱ፣ ቦርዱ ጽፎታል።

ምን ጻፈ? እያንዳንዱ ሞተር አጠገብ ማግኔት የሚያዩ ሴንሰሮች አሉ፤ ሆል ሴንሰር ይባላሉ። ሞተሩ ሲዞር ማግኔቱ ይቀርባል፣ ይርቃል፤ ሴንሰሩ የሚሰጠው ቮልቴጅም እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ቦርዱ ከዚያ ከፍታ ተነሥቶ «አሁን ሞተሩ በዚህ ማዕዘን ላይ ነው» ይላል። ግን ሁለት ሞተር አንድ ዓይነት አይወጣም። በአንዱ ሴንሰሩ በፀጉር ያህል ወደ ግራ ተጣብቋል፤ በሌላው ማግኔቱ ትንሽ ይበረታል። ስለዚህ ፋብሪካው እያንዳንዱን ጊምባል ከገጣጠመ በኋላ ይለካዋል። «በዚህ ሞተር ይህን ያህል ቮልቴጅ ማለት ይህን ያህል ዲግሪ ማለት ነው» የሚል ሰንጠረዥ የቦርዱ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ ይጽፋል። አዲሱ ቦርድ ወይ ሰንጠረዡ ባዶ ነው፣ ወይ የሌላ ሞተር ሰንጠረዥ ይዞ ነው የመጣው። በተሳሳተ ሰንጠረዥ ቦርዱ ሞተሩን «ቀኝ ነህ» እያለ ወደ ግራ ይገፋዋል። እብደቱ ይኸው ነው።

ይህ አፑ ላይ ካለው ካሊብሬሽን ጋር እንዳይምታታባችሁ። ያኛው የአድማሱን ትንሽ መንጋደድ ነው የሚያስተካክለው፤ ሰንጠረዡን አይነካም። ሰንጠረዡን እንደገና የሚጽፍ የጥገና ፕሮግራም ያስፈልጋል። ለአንዳንድ ሞዴሎች በነፃ የሚገኙ፣ ድሮኑን በኬብል ከኮምፒውተር አገናኝቶ የሚሠሩ፣ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፉ ፕሮግራሞች አሉ። ሥራው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ጊምባሉ በየአቅጣጫው እስከሚያቆመው ግድግዳ ሄዶ ዳርቻውን ይማራል። ቀጥሎ ከዳር እስከ ዳር በቀስታ እየሄደ የእያንዳንዱን ማዕዘን ቮልቴጅ ይመዘግባል። በዚህ ጊዜ ካሜራውን አትንኩት። ጠረጴዛው አይነቃነቅ። የድሮኑም የላፕቶፑም ባትሪ ሙሉ ይሁን፤ መብራት የሚሄደው ሁልጊዜ ሥራው መሐል ላይ ሲደርስ ነው።

ሰንጠረዡ የተጻፈበት ቺፕ ለብቻው የተቀመጠ ከሆነ በሆት ኤር (ትኩስ አየር በሚነፋ መሣሪያ) ከአሮጌው ነቅለው አዲሱ ላይ የሚበይዱ ጠጋኞች አሉ። ሹፌሩን ሳይሆን የሹፌሩን ደብተር ማዛወር በሉት። ማስታወሻው ዋናው ፕሮሰሰር ውስጥ ከሆነ ግን ይህ መንገድ የለም።

ሌላም አጥር አለ። በተለያዩ ሞዴሎች የካሜራው ቦርድና የድሮኑ ቦርድ የምስጢር ቁልፍ ይጋራሉ። አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ አይተዋወቁም። ጊምባሉ እስክስታውን ይጨርሳል፣ ምስል ግን አይመጣም። ፍላት ነው ብላችሁ ሦስት ጊዜ ልትቀይሩ ትችላላችሁ። እንደገና በፕሮግራም ማስተዋወቅ ያስፈልጋል፤ ይህም ለሁሉም ሞዴል አይገኝም።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያወጣው ቀላሉ መንገድ ቦርዱን ብቻ ሳይሆን ጊምባሉን ሙሉውን መግዛት ነው፤ ክንዱ፣ ሞተሮቹና ቦርዱ አብረው ከኖሩበት፣ አካሉ ከተሰበረ ተመሳሳይ ድሮን ላይ። መኪናውን ከነሹፌሩ እንደ መውሰድ ነው። የቁልፉ ነገር ግን እንዲህም ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ሞዴሉ ጠይቁ። ይወደዳል። ሁለት የተሳሳተ ቦርድ ከማዘዝ ግን ይረክሳል፤ ከራሴ ኪስ ነው የምናገረው።

የድሮኑ ዕድሜም ለውጥ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፋንተም 3 ካሜራውን ከሆዱ ሥር አንጠልጥሎ ነው የሚበረው፤ ካቻቢቴና ትዕግሥት ላለው ሰው ይከፈታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ማቪክ ሚኒ ከነባትሪው 249 ግራም ነው። ጊምባሉን ስትፈቱ ትንፋሻችሁ ብሎን ያበርራል። በበጋ ደግሞ ሹራባችሁን አውልቁ። አየሩ ደረቅ ሲሆን ከሱፍ የሚነሣው ኤሌክትሪክ ለእናንተ ምንም አይደለም፤ ለቺፕ ግን መብረቅ ነው።

የልጁ ድሮን አዲስ ክንድና አዲስ ፍላት ገባለት። ቦርዱ የራሱ ነው፤ አልተነካም። አበራሁት። ግራ ቀኝ፣ ቀና ደፋ፣ መሐል፣ ቀጥ። ልጁ አንሥቶ በእጁ አዘነበለው። ድሮኑ ተንጋደደ፤ ስልኩ ስክሪን ላይ የሱቄ በር እንደ ቆመ ቆሟል። ደግሞ ወዲያ አዘነበለው። በሩ አልተነቃነቀም።

«ቦርዱ አልሄደም ማለት ነው?»

«አልሄደም።»

ሒሳቡን ከፍሎ ድሮኑን በነጠላው ጠቅልሎ ወጣ። ጠረጴዛውን ላጸዳ ስል ትንሽ ግልጽ ፕላስቲክ እጄ ላይ መጣች። በሩ ላይ ደረስኩበት።

«ወንድምዓለም፣ ቆቧን ረሳህ!»